ጋምቤላ ላይ ቀይ ነበርኩ

ጓደኛዬ በሁሉም ነገር ትበልጠኛለች። በትሕትና የምለው አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጎኗ ቆሜ ያየሁትን ነው። እሷ በር ስታልፍ ጎንበስ ትላለች፤ እኔ የሱቄን የላይኛውን መደርደሪያ ለመድረስ በርጩማ ላይ እወጣለሁ። እሷ ስትስቅ ሰው ዞር ብሎ ያያታል፤ እኔ የፊት ጥርሴ ስለተደራረበ አፌን በእጄ ይዤ ነው የምስቀው። አላህ መልክ ሲያድል ለእኔ የደረሰኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም ቅላቴ ነው።

አዲስ አበባ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅብኛል። እዚያ ጠይም ነኝ፤ ያውም ጠቆር ያልኩ ጠይም። እናትና አባቴ ከወሎ መጥተው ጋምቤላ፣ ኒውላንድ የሚባለው ሰፈር ሱቅ ከፍተው የቀሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቤት ውስጥ «ጥቁሯ ልጃችን» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ደጅ ስወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጋምቤላ ላይ ከደጋ የመጣ ሁሉ ቀይ ነው። ትምህርት ቤት «ቀይዋ» ሲባል አቤት የምለው እኔ ነበርኩ፤ አሁንም ሰው ሱቄን ሲያመላክት «የቀይዋ ሱቅ» ይላል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቀይ ሲሉት ኖሮ ቀይ ነኝ ብሎ ቢያምን ምን ይፈረድበታል?

አባቴ ሲሞት የጨርቅ ሱቁን ኮስሞቲክስ አደረግኩት። ከሁሉ በላይ የሚሄድልኝ ፊት የሚያቀላ ቅባት ነው። ሴቶቹ ይገቡና መጀመሪያ የሚያዩት ዕቃውን ሳይሆን እኔን ነው። «አንቺ የምትቀቢው የቱን ነው?» ይሉኛል። ያኔ ምንም አልቀባም ነበር፤ ቢሆንም በጣቴ ወደ አንዱ እጠቁማለሁ። ፊቴ የሱቄ ታፔላ ነበር።

ጓደኛዬ ኑዌር ናት። ጴንጤ ናት፣ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፣ ግማሹ ዘመዷ ደቡብ ሱዳን ነው ያለው። ኢታንግ ላይ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ሳምንቱን እዚያው ቆይታ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። ጥቁር ናት፤ ቀለል ያለ ጥቁር ሳይሆን የጠገበ ጥቁር። ቁመቷን ቀንቼበታለሁ፣ ጥርሷን ቀንቼበታለሁ፣ ወንድሞቿ እንዴት እንደሚያከብሯት ሳይቀር ቀንቼበታለሁ። በቆዳዋ ግን ቀንቼባት አላውቅም ነበር። እዚያ ላይ የምበልጣት እኔ ነኝ ብዬ አርፌ ተቀምጬ ነበር።

እኔና እሷን ያስተሳሰረን ነገር ለሰው የሚነገር አይደለም። ሁለታችንም ጺም አለን። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ አገጯን ሰርቄ ሳይ ያዘችኝ። «ምን ታያለሽ? የአንቺ ይብሳል» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ የእኛ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ፣ ባጃጆቹ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆመው ሹፌሮቹ እግራቸውን በመስኮት አውጥተው ሲተኙ፣ እኔ የሱቁን በር ገርበብ አደርጋለሁ። እሷ «ማሌ!» ብላ በሰላምታቸው ትገባለች። ጓዳ ገብተን ቬንቲሌተሩን እንከፍታለን፤ አንዳችን አገጫችንን ወደ ላይ አቅንተን እንሰጣለን፣ አንዳችን ወረንጦውን እንይዛለን።

አገጭን ለሰው መስጠት ቀላል አይደለም። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ስለሆነ አፍ ይፈታል። አንድ ጊዜ ባል ነበረኝ፤ አብሮኝ ኖሮ፣ ተጣልቶኝ፣ ጺም እንዳለኝ ሳያውቅ ሄደ። እሷ ግን የትኛው ፀጉር ቶሎ እንደሚመለስ፣ የትኛው ሲነቀል እንደሚያስለቅሰኝ ታውቃለች። የእኔ ቋንቋ ሌላ፣ የእሷ ሌላ፤ የእኔ ጸሎት ዓርብ፣ የእሷ እሑድ። ከተማው ሲከፋ የእኔ ሰዎችና የእሷ ሰዎች በጎሪጥ የሚተያዩበት ጊዜ አለ። በእነዚያ ሳምንታት እንኳ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ጺም ፖለቲካ አይጠብቅማ። ያቺ ሰዓት ባትኖር እኔና እሷን አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ ምን ምክንያት እንዳለን እንጃ።

ሲነቀል የኖረ አገጭ ግን ያስታውቃል። ያብጣል፣ ነጠብጣብ ይሆናል። ስልኬ ላይ ስለ ሌዘር ማየት የጀመርኩት ለዚህ ነው። ፀጉሩን ከሥሩ ያደርቀዋል ይላሉ። ከአዲስ አበባ የተመለሰች አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ «እሱ ለቀይ ሰው ነው ቶሎ የሚሠራው፤ ለጥቁር ያስቸግራል» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። እኔ የምችለው እሷ የማትችለው ነገር ተገኘ ማለት ነው። አብረን እንሂድ ብዬ የጠየቅኳት ለደግነት እንዳይመስላችሁ።

የበጋው ሙቀት ሳይበርድ እሷ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወጣን። የሄድንበት የቆዳ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ተቀምጣለች፤ ደም ሥሯ ከቆዳዋ በታች የሚታይ፣ እውነተኛዋ ቀይ። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ጓደኛዬ ከእኔ ቀጥላ። ልጅቷ ገብታ ወጣች። ጉንጯ ትንሽ ቀልቶ ነበር፤ «ነገ ይጠፋል» ብላን ስልኳን እየነካካች ሄደች። እኔ ራሴን የመደብኩት ከእሷ ጋር ነበር። ግን ክንዳችን በአንድ መደገፊያ ላይ ተደርድሮ ሳለ አይቼው ነበር፤ የእኔ ከእሷ ይልቅ ለጓደኛዬ ይቀርባል። ክፍሉ ጨለም ስላለ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዶክተሯ ረጋ ያለች፣ መነጽሯን በግንባሯ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ገና ሳንቀመጥ ጓደኛዬ ጠየቀቻት። «ዶክተር፣ እኔ ጥቁር ነኝ። ይሄ ማሽን ጥቁር ሰው ያውቃል?»

እኔ በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ዶክተሯ ግን ደስ አላት። ወንበሯን ወደ እኛ ሳብ አድርጋ አስረዳችን። «ይህ ብርሃን የሚፈልገው ጥቁር ቀለም ነው» አለች። «ፀጉሩ ጥቁር፣ ቆዳው ነጣ ያለ ከሆነ ቆዳውን አልፎ ፀጉሩን ያገኘዋል። ቆዳውም ጥቁር ከሆነ ግን መንገድ ላይ ቆዳው ይቀበለዋል፤ ሙቀቱ እዚያው ላይኛው ላይ ይቀራል። ያኔ ያቃጥላል። ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ ይጠቁራል፤ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ ቀለሙን አጥፍቶ ነጭ ይተወዋል። ቀይ ሰው ላይ መቅላት ብቻ አድርጎ የሚያልፈው፣ ጥቁር ሰው ላይ ወራት ሊቆይ ይችላል።»

«ታዲያ ልመለስ?» አለቻት ጓደኛዬ።

«ለምን ትመለሻለሽ? ለአንቺ የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ፣ የላይኛውን ቆዳ ብዙ የማይነካ። ኃይሉን ዝቅ አድርገን፣ እያቀዘቀዝን እንሠራለን። ዛሬ ትንሽ ቦታ ላይ እንሞክርና ቆዳሽ ምን እንደሚል እናያለን። ከሌላው ሰው ብዙ ጊዜ መመላለስ ይኖርብሻል፤ እሱን ቻይ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አገጬን አየች፤ እጅጌዬን ሰብሰብ አድርጋ ከፀሐይ የተሸፈነውን የክንዴን ቆዳ አየች። «አንቺም ያው ነሽ» አለችኝ። «ጠይም ነሽ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ የጋምቤላ ፀሐይ ጨምሮበታል። ለአንቺም ዛሬ ሙከራ ብቻ። ፀሐዩም ከፊትሽ እስኪለቅ ድረስ ተሸፍነሽ ቆይተሽ ትመጫለሽ።»

አንቺም ያው ነሽ! ነገሩን ለማስረዳት ነው ያለችው፤ እኔ ላይ ግን እንደ ስድብ አረፈ። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቀይዋ» አለችኝና ሳቀች። ሌላ ቀን ቢሆን አብሬያት እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን የነበረችኝን አንዷን ነገር ከእጄ ነጥቃ የሳቀችብኝ መሰለኝ። የእሷ ሙከራ ከአገጯ ጠርዝ ላይ፣ ምንም በማያስታውቅ ቦታ ተደረገላት። እኔ «ሌላ ጊዜ» ብዬ ሳልነካ ወጣሁ።

እሑድ እሷ አክስቷ ጋ አድራ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ደግሞ ፎቅ ላይ ያለ አንድ የውበት ቤት አገኘሁ። ዶክተር የለበትም፤ መስታወት፣ አበባና ረጅም ቅንድብ የተለጠፈላት ሠራተኛ ነው ያለው። «ፀሐይ ላይ ቆይተሻል?» አለችኝ። ከሳምንት በፊት ባሮ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ ስመርጥ ነበር። «የለም» አልኳት። ፊቴን ወደ መብራቱ አዙራ ትንሽ አመነታች። «ትንሽ ዝቅ ብናደርገው አይሻልም?»

«እኔ ቀይ ነኝ» አልኳት። «አታስቢ፣ ከፍ አድርጊው። ሩቅ አገር ነው የምሄደው።»

ለማንም ሰው የሚገርም ንግግር ነው፤ መስታወቱ እኮ ፊት ለፊቴ ነበር። ግን መስታወት የሚያሳየው ሰው ሲሉት የኖረውን ነው። ሠራተኛዋም ደንበኛ ንጉሥ ነው ብላ ይሁን፣ የደጋ ሰው አነጋገሬን ሰምታ ይሁን፣ ጄሉን ቀብታ ጀመረች። ዓሣ ስጠብስ ዘይት ሲፈናጠርብኝ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነው፣ ግን አያቆምም። የተለበለበ ፀጉር ሸተተኝ። እንባዬ ዓይኔን በሸፈነችበት መነጽር ሥር እየወረደ በልቤ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ከእሷ በፊት ልጨርስ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የፈሰሰውን በፊቴ ላይ ነው የለቀምኩት። ሰኞ አውቶቡሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ አገጬና የሁለቱ ጉንጮቼ ሥር ውኃ ቋጠሩ። በሻሼ ጫፍ ሸፈንኩት። ጓደኛዬ ሻሼን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ መልሳ ሸፈነችው። አልሳቀችም። «ብዬሽ ነበር» አላለችም። የራሷን ነጠላ ቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ሰጠችኝ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ስትቀኚበት ክፉ ቢሆንልሽ ደስ ይላል፤ እሷ እዚያም ላይ አልተመቸችኝም።

ቤት ስደርስ እናቴ ፊቴ ተሸፍኖ አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ማሻ አላህ፣ የኔ ልጅ! አባትሽ ይህን ሳያይ ሞተ» አለችኝ። ኒቃብ መልበስ የጀመርኩ መስሏታል። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ግን እንደዚያ አድርጋ ካቀፈችኝ ከልጅነቴ ወዲህ ስለሆነ ተውኩት። በሳምንቱ የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ ኸይር ተመኙልኝ። በዚያ ቃጠሎ፣ በዚያ ሙቀት፣ በጥቁር ጨርቅ ውስጥ ላቤ በአገጬ እየወረደ «አሚን» እላለሁ። በሕይወቴ በሰው ያልተመሰገንኩትን ያህል በቃጠሎዬ ተመሰገንኩ።

ቅርፊቱ ሲወድቅ ከሥሩ ሌላ ሰው ወጣ። ማሽኑ ያረፈበት ቦታ ሁሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ጠቁሯል፤ አንዱ ከአንዱ አጠገብ፣ እንደ ዳማ ገበታ። መካከላቸው ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ ቆዳው ነጥቷል። ጥቁሯ እሷ፣ የተቃጠልኩት እኔ። ከሱቄ መደርደሪያ በጣም ጠንካራውን የሚያቀላ ቅባት አንስቼ ጠዋት ማታ መቀባት ጀመርኩ። ለሰው ስሸጠው ስለኖርኩ አመንኩት። ገላው አዲስ ስለነበር አቃጠለው፤ ጥቁሩ ይባስ ጠቆረ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

እሷ ግን ሙከራው ያረፈበት ቦታ ምንም አልሆነባትም። በየወሩ ወይም ከዚያ ትንሽ ዘግየት እያለች አዲስ አበባ ትመላለስ ጀመር። ከኢታንግ አቧራ ወጥታ ረጅም መንገድ ሄዳ፣ ጥቂት ደቂቃ ተኝታ ትመለሳለች። ኮፍያ ታደርጋለች፣ የፀሐይ መከላከያ ትቀባለች፤ የሥራ ባልደረቦቿ «አንቺን ደግሞ ፀሐይ ምን ያደርግሻል?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ «ዶክተሯን ጠይቁ» ብላ ታልፋለች። አገጯ እየጠራ መጣ። ነጠብጣቡ ጠፋ። ያ የጠገበ ጥቁር ቆዳ ከጆሮ እስከ ጆሮ አንድ ወጥ ሆነ፤ ወዘናው ያለ ቅባት ያበራል። ያን ጊዜ ነው በቆዳዋ የቀናሁት። እስከዚያ የያዝኩትን ሁሉ ቅናት ብትደምሩት ይህን አያክልም።

አንድ ዓርብ ማታ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ ሳለ ሁለት ሴቶች ገቡ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኜ ቆሜያለሁ። አንዷ እሷን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «እህቴ፣ ምን ተቀብተሽ ነው?» አለቻት። በእኔ ሱቅ ውስጥ! በእኔ ቅባቶች መካከል! «ምንም» አለቻቸው። ሴቶቹ ምንም ሳይገዙ ወጡ። እኔ መደርደሪያውን ስወለውል አመሸሁ።

የሚያበግነኝ ደግሞ ያዳናት ዕድል አለመሆኑ ነው። አስቤበታለሁ። እኔ በሕይወቴ «ይህ ለእኔ ይሆናል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ቀይዋ ነኝ፣ ሁሉ ነገር ለእኔ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳትጠይቅ አንዲት ነገር ገዝታ አታውቅም። በእኔው ሱቅ ውስጥ እንኳ ለእሷ ቀለም የሚሆን ፓውደር ይዤ አላውቅም፤ ስትገባ «የእኔ አለ?» ትለኛለች፣ «የለም» እላታለሁ፣ ትስቃለች። ማሽኑ ፊት የጠየቀችውም ያንኑ ነው። እኔን ያቃጠለኝ አለመጠየቄ፣ እሷን ያዳናት መጠየቋ። ሰው በሰው ጉድለት ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ቅዳሜን ያቆምኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ «ቆዳዬ ይዳን» አልኳት፤ እውነት ነበር። ቀጥሎ «ዕቃ እየቆጠርኩ ነው» አልኳት፤ እውነት አልነበረም። እሷ እንግዲህ የሚነቀል ፀጉር የላትም፤ የምትመጣው እኔን ለማየት ሳይሆን ፊቷን ለማሳየት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። ሁለታችን ጺም ሲኖረን እኩል ነበርን። አሁን እሷ ጠራች፤ እኔ ጺሜም አለ፣ አራት ማዕዘኖቼም አሉ። እንዲህ ያለች ሴት ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር ጓዳ ውስጥ ምን ትሠራለች? አንድ ቅዳሜ ቀርታ ሁለተኛው ቢደገም ሦስተኛው ልማድ ይሆናል። እሷ መምጣቷን ሳትተው ልቅደማት ብዬ በሩን ገርበብ ሳይሆን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

እሷ ግን ተዋርዳም ቢሆን ትመጣለች። አንድ ቀን መጥታ «ሰኞ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ዶክተሯ አምጪያት ብላለች» አለችኝ። «አልሄድም» አልኳት። «ፊትሽን ለምን እንደምትሸፍኚ ለእናትሽ እነግራታለሁ» አለችኝ። ይህን ያህል ታውቀኛለች።

ዶክተሯ ፊቴን ስታይ ምንም አልተቆጣችም። ምን እንደቀባሁ ስነግራት ግን መነጽሯ ከግንባሯ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። «በተቃጠለ ቆዳ ላይ ያንን ቀባሽ? ለሰውም ትሸጪዋለሽ?» አለችኝ። ጥቁሩ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው፤ ቆዳዬ ቀለም የሚይዝ ቆዳ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል አለችኝ። ስለ ነጮቹ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ቅባቱን እንድተው፣ ከፀሐይ እንድጠበቅ አዘዘችኝ። ኒቃቡን አይታ «ይህ ጥሩ አድርጎሻል፤ ፀሐዩን ባይከልልልሽ ከዚህ ይብስ ነበር» አለች። እናቴ ብትሰማ ከእኔ በላይ ዶክተሯን ታቅፋት ነበር።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ጓደኛዬ የመጨረሻውን ጨርሳ መጣች። ዓርብ ደውላ «አለቀ፣ ዶክተሯ በቃሽ አለችኝ» አለችኝ። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። አለቀ ማለቷ ስለ ጺሟ ብቻ አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ በሩ ተንኳኳ። «ማሌ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስከፍት ምን እንደምላት አስቤ ጨርሻለሁ፤ ዕቃ እየቆጠርኩ ነው። ከፈትኩ። አልጠየቀችኝም። ጎንበስ ብላ ገባች፣ በሩን ራሷ ገርበብ አደረገች፣ ጓዳ ገብታ የመሳቢያውን ወረንጦ አወጣች። መብራት ስለሌለ ቬንቲሌተሩ አይሠራም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አገጯን ወደ ላይ አቀናችና ወረንጦውን ዘረጋችልኝ።

«ምኑን ልንቀል?» አልኳት። «የጠራ አገጭሽን ልታሳዪኝ ነው የመጣሽው?»

«እይ» አለችኝ።

የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁ። ለማየት ብዬ ሳይሆን እንከን ልፈልግባት ነው። አገጯ ጠርቷል፤ ጉንጯ ጠርቷል። አንገቷን ይበልጥ ወደ ኋላ አዘነበለችልኝ። ያኔ አየሁት። ከአገጯ ሥር፣ አንገቷ ከሚጀምርበት፣ እኔ ካልሆንኩ ማንም በማያየው ስፍራ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ላይ ፀጉሩ እንዳለ ነው። የማውቀው፣ የሚጠቀለለው፣ ሲነቀል እግሯን የሚያስነሳት።

ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። «ቀርቶብሻል» አልኳት፤ ድምፄን መቆጣጠር አቅቶኝ። «አልጨረሰችልሽም! ያን ሁሉ መንገድ ተመላልሰሽ!»

«እሱን ተዪው አልኳት» አለችኝ፤ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል።

«ለምን?»

«እሱም ከሄደ ቅዳሜ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ወዲያው አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ቅዳሜ ታልቃለች ብዬ ያን ሁሉ ወር የፈራሁት እኔ፤ መላውን የዘየደችው ግን እሷ። እኔ በሩን በዘጋሁባት ጊዜ እሷ ዶክተር ፊት ተኝታ «እዚህ ጋ አትንኪኝ» ትል ነበር። ይህ ሐሳብ ለእኔ ሊመጣልኝ ሲገባ ለእሷ መጣላት። እዚህም በለጠችኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ እበግናለሁ።

ወረንጦውን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ፀጉር ይዤ ጎተትኩት።

«ቀስ!» ብላ ጮኸች፤ እግሯ ተነሳ።

«ዝም በይ» አልኳት። ሁሉንም እስክጨርስ ቀስ አላልኩም። ከዚያ ወረንጦውን እጇ ላይ አስቀመጥኩ፣ በእሷ ቦታ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን የከለለውን ጨርቅ ፈትቼ አገጬን ወደ ላይ አቀናሁላት።

«አንቺ ግን ቀስ በይ» አልኳት።